ድኝ ያልገባበት በርሜል፦ የአቶ ኢቮን ብርቶዶ የሕይወት ጉዞ

አቶ ኢቮን ብርቶዶ ከአባታቸው ከአቶ ፌርናን ብርቶዶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦዴት ሉሶ፣ በፈረንሳይ አገር በአንዡ፣ በሌዮን ወንዝ ዳር ባለችው በላ ብሬሾሌ መንደራችን እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1949 ተወለዱ።

በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ተማሩ። የቀረውን የተማሩት በአባታቸው የወይን ማሳ ነው። በ1976 ወይዘሮ ማርሰሊንን አገቡ፤ ልጅ አልወለዱም። አባታቸው ሲያርፉም ስድስቱን ሄክታር ከታናሽ ወንድማቸው፣ ከአባቴ ከአቶ ሬዢስ ጋር እኩል ተካፈሉ።

አቶ ኢቮን ድርሻቸውን በፈረስ አረሱ፤ አረም ማጥፊያ አልረጩም፤ ወይኑም በገዛ እርሾው ፈልቶ፣ ሌሎች እንዳይበላሽ የሚጨምሩት ድኝ ሳይገባበት በርሜል ይገባ ነበር። ለምን ሲባሉ፣ «ነገ ራሴን እንዲያመኝ ብዬ ነው የምጠምቀው?» ይሉ ነበር። ጠርሙስ ውስጥ ዳግም ፈልቶ ቡሹን ያስፈነጠረበት ዓመትም አልጠፋም። አባቴም፣ «የወንድሜ ወይን ቀጂ አይፈልግም፤ ራሱ ይወጣል» እያሉ ሲቀልዱ አብረው ይስቁ ነበር።

ወይዘሮ ማርሰሊን በ1999 ካረፉ በኋላ ቤቱ ሰፋባቸው። በለቀማ ሰሞን ለለቃሚዎቹ ሾርባ የሚሠሩት ራሳቸው ነበሩ። ለቃሚዎቹ ሲበተኑ ከፈረሳቸው በቀር የሚያነጋግሩት አልነበራቸውም።

በ2003 ወይናቸውን ለቀማሾች ጉባኤ አቀረቡ፤ ጉባኤው ካላሳለፈው የመንደሩን ስም በጠርሙስ ላይ መጻፍ ክልክል ነውና። ብርጭቆዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ሁለት ቀማሾች ይለፍ፣ ሦስት ይውደቅ ብለው እጃቸውን አወጡ። ከሦስቱ አንዱ አባቴ ነበሩ። ያደጉበትን ጣዕም ገና በመጀመሪያው ጉንጭ አውቀውታል፤ ግን ለወንድሙ አደላ እንዳይባሉ ፈሩ። ይህ እዚህ እንዲጻፍ ያዘዙት አባቴ ራሳቸው ናቸው።

በትንሽ መንደር ማን እጁን እንዳወጣ ለመሰማት አንድ ቀን አይፈጅም። አቶ ኢቮን አልተቆጡም፣ አልጠየቁምም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን ሲያገኙ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ማለፍ ብቻ ሆነ። ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆነው፣ በአንድ ድንበር ግራና ቀኝ ሃያ አንድ ክረምት ወይናቸውን ገረዙ። የአቶ ኢቮን ወይን የመንደሩን ስም ሳይዝ ፓሪስና ቶኪዮ ድረስ ተጠጣ፤ እኛ ቤት ገበታ ላይ ግን ቀርቦ አያውቅም። ይህ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል።

ባለፈው መከር ሳንባቸው ታሞ አንዤ ከተማ ሆስፒታል ገቡ። አባቴ ሦስት ጊዜ እስከ ክፍሉ በር መጥተው፣ ሳይገቡ ተመለሱ። በሦስተኛው ጊዜ እኔ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ አቶ ኢቮን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ይሄ የሬዢስ ኮቴ ነው። ሶሌን፣ ግባ በይው» አሉኝ። ሮጬ ብወጣ የአባቴ መኪና ከግቢው ወጥቷል። በማግስቱ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2024፣ አቶ ኢቮን በተወለዱ በ75 ዓመታቸው አረፉ። «ግባ» መባላቸውን ለአባቴ ልነግራቸው ስልክ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

አቶ ኢቮን ከአንድ ወንድምና ከአንዲት የወንድም ልጅ በቀር ዘመድ አልተዉም። ብቻቸውን የደከሙትን ያየ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

አባዬ፣ መልእክቱ ያንተ ነበር። ዘግይቼ አደረስኩት፤ ይቅር በለኝ።