አራት ላይ የተቆረጠ ድምፅ

ውድ እማማ አልጋነሽ፣

«ውድ» ያልኩት እውነት እርስዎ ከሆኑ ነው። ካልሆኑ ቃሉን መልሼ ወስጃለሁ።

ስሜ ኦድያ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ የበለጠ ፈረደ የልጅ ልጅ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ለአያቴ የላኩለትን የድምፅ መልእክት ሳላስጨርስዎ ያጠፋሁት፣ ቁጥርዎንም ብሎክ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከመቆጣትዎ በፊት ግን የአያቴን ስልክ ላስተዋውቅዎ።

የአባባ ስልክ በቀን ሦስት መቶ መልእክት ይገባበታል። «የጎንደር ልጆች» የሚባል ግሩፕ አለ፤ የሰፈራችን፣ «የጊቫት ሃሞሬ ጎረቤቶች»፣ አለ፤ «ጤና በቤታችን» የሚባልም አለ። አብዛኛውን የሚልኩት ከታች ፎቅ ያሉት ጋሽ ፈንታ ናቸው። በብርዱ ወራት «ሽንኩርት ካልሲ ውስጥ ከተው ቢተኙ ጉንፋን ድርሽ አይልም» የሚል ላኩ። አባባ አደረገው። በማግሥቱ ወደ መሀል ከተማ በሚወርደው አውቶቡስ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፤ እኔም የማላውቀው መስዬ ከሹፌሩ ኋላ ቆምኩ። ሌላ ቀን «ውሃ ለአንድ ሳምንት ይጠፋል» ተባለ። አባባ ገንዳውን፣ ድስቱን፣ የአበባ ማስቀመጫውን ሳይቀር ሞላ። ውሃው አልጠፋም። ጋሽ ፈንታን «እርስዎስ ሞሉ?» ስላቸው «እኔማ ላክሁት እንጂ አልሰማሁትም» አሉኝ።

ስለዚህ እናቴ ቲክቫ የስልኩ ዘበኛ አድርጋ ሾመችኝ። ሕጌ ቀላል ነው። የማይታወቅ ቁጥር ውሸት ነው፤ የሚያለቅስ ድምፅ ውሸት ነው፤ «ወንድሜ» ብሎ የጀመረ ደግሞ ድርብ ውሸት ነው። እርስዎ ሦስቱንም አሟሉ። «ወንድሜ በለጠ፣ እኔ አዘዞ ነው ያለሁት» ብለው ጀመሩ፤ አለቀሱ፤ ከዚያ ስም መደርደር ያዙ። «አልጋነሽ የፈረደ ልጅ፣ ፈረደ የጀምበሬ፣ ጀምበሬ የዋሴ፣ ዋሴ የእንግዳው...» ለአሥር ሰው ካላስተላለፋችሁ መዓት ይወርዳል ከሚሉት መልእክቶች አንዱ መሰለኝ። ገንዘብ አለመጠየቅዎ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ዘጋሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ላይ አባባን ላስቅ ብዬ ድምፅዎን እያስመሰልኩ ስሞቹን ደረደርኳቸው። እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«አንዷ አጭበርባሪ ናት አባባ፤ ስም ትደረድራለች።»

«እስከ ስንት ቆጠረች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ አራት ላይ ዘጋሁት።»

«አንች ልጅ! ሰው ዘሩን ሲቆጥር ሰባት ቤት ሳይደርስ ይቋረጣል?»

ያኔ ነው የገባኝ። እናንተ አገር ልጅ ስትድሩ ሽማግሌ ሰባት ቤት እየቆጠረ ዝምድና አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ ሰው ማንነቱን የሚያስረዳውም በዚያው ነው። እርስዎ የይለፍ ቃል እየነገሩኝ ነበር፤ እኔ ጠረግሁት።

ከዚያ ስለ እርስዎ፣ ስለ እህቱ፣ ነገረን። አዲስ አበባ ላይ ወደዚህ አገር የሚያመጣችሁን አውሮፕላን ስትጠብቁ የታመሙ አማትዎን ሊያመጡ ወደ ጎንደር እንደተመለሱ፣ «በአሥር ቀን እደርሳለሁ» እንዳሉት፣ አውሮፕላኑ ግን በስምንተኛው ቀን እንደመጣ። እናቴ ሞተዋል ብላ ነበር የምታስበው።

«ያን ሁሉ የሽንኩርት ወሬ እስከ መጨረሻው የምሰማው ለምን መሰለሽ?» አለኝ አባባ። «ከጎንደር ከሚመጣው ድምፅ አንዱ የእሷ ቢሆን ብዬ ነው።»



ወዲያው ብሎኩን አነሣሁና ደወልን። ስልክዎ ዝግ ነው። እስከ ዛሬም ዝግ ነው። ይኼኔ አባባ ራሱ መጠራጠር ጀመረ።

«ትንሽ ሳለሽ ለትምህርት ቤት ብለሽ የቀረጽሽኝ፣ ዘሬን የቆጠርሁበት ቪዲዮ፣ አሁንም ኢንተርኔት ላይ አለ?»

«አለ።»

«ስንት ሰው አየው?»

«ስድስት መቶ ምናምን።»

«እንግዲህ ስድስት መቶ አልጋነሽ ሊነሣብኝ ነው።»

ቪዲዮው እንዳይረዝም ብዬ እሱንም አራት ላይ እንደቆረጥኩት፣ የቀረውንም እንደማላስታውስ ስነግረው «ሁለት ጊዜ አራት ላይ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ለካ የመጀመሪያዎቹን አራት ስሞች ማንም ሌባ ያውቃቸዋል። የቀሩትን ሦስት የሚያውቅ ግን የፈረደ ልጅ ብቻ ነው። ድምፅዎን ቢሰማም አያምንም፤ ዛሬ ማሽን የሰው ድምፅ ያስመስላል ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ጋሽ ፈንታ ሐሙስ ወደ ጎንደር ይሄዳሉ። ይህን ደብዳቤ አዘዞ ላይ አፈላልገው ይሰጡዎታል፤ ለሌላ ለማንም እንዳያስተላልፉት አስምያቸዋለሁ። አባባ ሦስቱን ስሞች ጽፎ ፖስታ ውስጥ አሽጓል፤ ብርሃን ላይ ይዤ ላነብ ስሞክር ስለያዘኝ ፖስታውን በወጥ ቤት ፎይል ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ይዞራል። «ከእኔም ትደብቃለህ?» ስለው «በተለይ ካንች» አለኝ።

ስለዚህ እማማ፣ ከአምስተኛው ይጀምሩ። ጋሽ ፈንታ ድምፅዎን ቀድተው ይልኩልናል፤ አባባም እየሰማ ፖስታውን ይከፍታል። ትናንት ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ሲያወጣ አየሁት። «አቧራውን ላራግፍ ነው» አለኝ። አላመንኩትም።

አጭበርባሪ ከሆኑ ቁጥርዎ እኔ ዘንድ አለ። እርስዎ ከሆኑ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን እጄን ከስልኩ አርቄ፣ ሰባተኛው ቤት እስኪደርሱ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ቁጥርዎን ያገደችው፣
ኦድያ
ጊቫት ሃሞሬ፣ አፉላ