መቀነቱ ወደ ጭላሎ

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ብርድ ነው። ሁለት የተማሪ ሱሪ ጨረስኩ። የአንዱ ኪስ ጠሞብኝ ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክር አለቀ፤ ፋይዛ ሱቅ ሄጄ ገዛሁ። ስመለስ በኦቦ ሊበን ማሳ አቋረጥኩ። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶ ነው።

መሃሉ ላይ ጋሽ እንደሻው ብቻቸውን ቆመዋል። የጎረቤቴ የእትዬ አባይነሽ ወንድም። አዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ካዲ ነበሩ... የተጫዋቾቹን ዱላ በቦርሳ ተሸክመው ሲከተሉ ኖሩ። የቀኝ ዳሌ አጥንታቸው ሲያልቅ መስከረም ላይ አገራቸው ገቡ።

የብረት ዱላ ይዘዋል። ኳስ የለም። ዝም ብለው ያወዛውዛሉ። ሹው... ሹው...

እጃቸው ምንም የሚሠራ አይመስልም። መጀመሪያ ጉልበት ነው የሚንቀሳቀሰው። ቀጥሎ ዳሌ። ከዚያ ትከሻ። እጅ መጨረሻ ላይ ተጎትቶ ይመጣል። ጥሩ ልብስ ሰፊ የሠራው ኮት እንዲህ ነው፤ የቱ ጋ እንደተጋጠመ አይታይም።

ስንት ደቂቃ ቆሜ ቀረሁ? ክሩ እጄ ላይ ላብ ጠጥቷል።

ኅዳር 27

እትዬ አባይነሽ ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። ስለካት ስለ ወንድሟ አወራችኝ። ስልክ ተደውሎላቸዋል። የካቲት ላይ ለቀድሞ ካዲዎች ውድድር አለ፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ኳስ እየተፈራረቁ ይመታሉ። ጓደኛ ያላመጣ አይመዘገብም።

«ቅርቡን እሱ ይገፋል፣ ዳሌውም አይከለክለውም። ሩቁን ግን አይችልም። አንዴ ከመታ ሦስት ቀን ይተኛል» አለች። «ልጄን ለመንነው። የሽማግሌ ጨዋታ አልጫወትም ብሎ አዳማ ሄደ።»

«ታዲያ ይቀራሉ?»

«ይቀራል እንጂ ምን ያደርጋል! ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ዱላ ተሸክሞ፣ አንድ ቀን እንኳን በተጫዋች ስም ሳይቆም።»

ቀሚሷን አንድ ጣት አብዝቼ ቆረጥኩት። አላወቀችብኝም።

ኅዳር 29፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋሽ እንደሻው መንገድ ላይ ጠበቁኝ።

«ፀዲ፣ የዚያን ቀን ቆመሽ ስታዪ አይቼሻለሁ።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ይቅርታ ጋሽ እንደሻው፣ ሳላስበው ነው...»

«ቆይ። ሌላው ሰው የሚያየው ዱላውን ነው። አንቺ ያየሽው ጉልበቴን ነው። ለምን?»

ምን ልበላቸው? ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም። አሮጌ ኮት በምላጭ እየፈታሁ፣ የቱ በፊት እንደተሰፋ እያየሁ ነው የተማርኩት። ማንበብም ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ። አንድ ነገር ሳይ ከየት እንደጀመረ ነው የምፈልገው። ይህን ሁሉ አላልኩም። «እንዲሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ጓደኛዬ ሁኚ። የካቲት ዘጠኝ።»

«እኔ? ሴት ነኝ እኮ! አርባ ስድስት ዓመቴ!»

«እኔ ስድሳ ስምንቴ። ተደምረን መቶ አሥራ አራት ነን። ምን ጎደለን?»

ሳቅሁ። እሺ ማለቴ ነበር? ለእሳቸው ብዬ ነው እንጂ...

ታኅሣሥ 2

ዛሬ ተጀመረ። ኳሷ እንቁላል ታህላለች፣ ድንጋይ ነች። አርባ ጊዜ ሞከርኩ። ሠላሳ አንዱን ሳትኩ። የቀረው እግሬ ሥር ተንከባለለ።

ጋሽ እንደሻው አልሳቁም። ዙሪያዬን ዞሩ።

«ስታጎነብሺ ከጭንሽ መነሻ ላይ ነው የምታጥፊው፣ ጀርባሽ ቀጥ ይላል። ይሄን ሀብታሞቹ ዓመት ሙሉ ተምረው አያገኙትም። ከየት አመጣሽው?»

ከመጥረጊያ ነዋ። ከማጭድ። ከልብስ አጠባ። እኛ አገር ሴት ስታጎነብስ ጉልበቷን አታጥፍም።

«ችግሩም እሱ ነው» አሉ። «ጉልበትሽ እንደ በር መቀርቀሪያ ተቆልፏል። በርጩማ ላይ ልትቀመጪ ስትዪ እንግዳ ቢገባስ? እዚያ ላይ ቁሚ። ገና ልትነሺ፣ ገና ልትቀመጪ።»

እንደዚያ ቆምኩ። ጭኔ ተንቀጠቀጠ። በአንድ ጣታቸው ትከሻዬን ገፉኝ... አልወደቅሁም። በፊት ሲገፉኝ ወድቄ ነበር።

ታኅሣሥ 5

ወገቤ! ዛሬ መርፌ መሳብ እንኳን አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 9

ጉልበቱ ተፈታ። አሁን ችግሩ መዞር ነው። በእጄ ብቻ እመታለሁ፣ እንደ እንጨት ፈላጭ።

ጋሽ እንደሻው ሊነግሩኝ ፈለጉ፣ አፋቸው ላይ ቀረ። አፈሩ። ወንድ ልጅ ሴትን «ዳሌሽን አዙሪ» ይላል እንዴ? በሜዳ? እኔም ገብቶኛል፣ ግን እሺ ብዬ አላዞርም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሄድ እንዳይወዛወዝ ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ነው። እናቴ ቀጥ ብለሽ ሂጂ ትለኝ ነበር።

መሬቱን በዱላው ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ ወደ መቀነቴ አመለከቱ።

«ቋጠሮውን እምብርትሽ ላይ አድርጊው።»

አደረግሁ።

«አሁን ኳሷን ያያል። ከመታሽ በኋላ ጭላሎን ይይ። ሌላ ምንም አላልኩም።»

ተራራው ከፊቴ በስተግራ ነው፣ ጫፉ ደመና ለብሷል። መታሁ። ቋጠሮው ዞረ። ቀኝ ተረከዜ ራሱ ተነሣ፣ ጉልበቶቼ ተነካኩ። ኳሷ ደግሞ... ትንሽ በረረች! የቤት አጥር ታህል ከፍ ብላ።

እንዴት ያለ ሰው ነው? ሳያሳፍረኝ፣ ሳይነካኝ፣ አንዲት ነውር ቃል ሳያወጣ አዞረኝ።

ታኅሣሥ 15

እድር ላይ ስገባ ሴቶቹ ወሬ አቋረጡ። አንዷ ብቻ «ፀዲ፣ መቀነትሽ ጠበቅ ብሏል» አለች። ሌሎቹ ሳቁ።

ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት። በዘጠኝ ዓመት ስሜ ተነስቶ አያውቅም። በቃ።

ታኅሣሥ 18

አልሄድኩም። ጋሽ እንደሻውም አልጠየቁኝም። በመስኮት አየኋቸው፣ ብቻቸውን ይሞክራሉ። አንዴ መቱ፣ ከዚያ በዱላው ተደግፈው ቆሙ። ብዙ ቆሙ።

መስኮቱን ዘጋሁ። ለስፌቱ ብርሃን ቢያስፈልገኝም።

ታኅሣሥ 24

ፋይዛ ብርድ ልብስ አጥባ ጠራችኝ። አንድ ሰው አይጨምቀውም። እሷ ከዚያ ጫፍ፣ እኔ ከዚህ ጫፍ ይዘን ጠመዘዝነው።

«ምነው ተውሽው?» አለችኝ።

«ሰው አወራ።»

«ሰው? እኔ ሱቅ ውስጥ የምሰማውን ብነግርሽ ከቤትሽ አትወጪም ነበር። ስለ እኔ የሚሉትን ብሰማማ ሱቁን ዘግቼ ሐጅ ሄጄ ቀርቼ ነበር። ኧረ ፀዲ፣ ያዥው እንጂ! አትልቀቂ!»

እጄን አላልቼ ኖሯል። እሷ ስትጠመዝዝ የእኔም ጫፍ አብሮ ይዞራል። ውሃ ጠብ አይልም።

«አንዷ ካልያዘች ሌላዋ ብትጠመዝዝ ምን ዋጋ አለው?» አለች።

የራሴ ጉልበት ትዝ አለኝ። ዱላውን ወደ ኋላ ስወስድ ቀኝ ጉልበቴ አብሮ ወደ ውጭ ይሸሻል! ጫፉን የሚይዝ የለም። ትከሻ ይዞራል፣ ዳሌም እኩል ይዞራል፣ ጉልበትም ይከተላል... ታዲያ ምን ይጠመዘዛል? ጉልበት ይያዝ። ዳሌ ግማሽ ይሂድ። ትከሻ ሙሉ። ያኔ ነው ውሃው የሚወጣው።

ጨምቀን ሳንጨርስ ጥያት ሮጥኩ። ከኋላዬ «ብርድ ልብሱስ አንቺ!» ትላለች።

ጋሽ እንደሻው በራፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታ እንኳን ሳልሰጥ «ቀኝ ጉልበቴ ነው የሚሸሸው አይደል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ አውቄዋለሁ። እስክታገኚው እየጠበቅሁ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም? የካቲት ሊደርስ እኮ ነው!»

«የነገርኩሽን ትረሺዋለሽ። ያገኘሽውን አትረሺም» አሉ። ዱላውን ሊያመጡ ሲነሡ ግድግዳ ይዘው ነው።

ጥር 6

ዛሬ መታሁ።

እንዴት ብዬ ልጻፍ? ከመሬት ጀመረ። ግራ ጉልበቴ ወደ ተራራው ሄደ፣ ዳሌዬ ተከተለ፣ የቀረውን አላውቅም። እጄ ላይ ምንም አልተሰማኝም... ቅቤ እንደ መቁረጥ። ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ ጠፋች።

ኦቦ ሊበን ከማሳው ዳር በኦሮምኛ ሰላምታ ጮኹ። «አካም ጅርታ ፀዲ! ላሜን ገደልሽ እኮ!»

«መታኋት እንዴ?!»

«አልመታሻትም። ደንግጣ ነው። ዛሬ ወተት ብትከለክለኝ አንቺ ትታለቢያለሽ!»

ጋሽ እንደሻው ሳቁና እንባቸውን ጠረጉ። ከሳቅ ይሁን ከሌላ አልጠየቅሁም።

ጥር 20

በየቀኑ አንድ ሰዓት። ከአሥሩ ስድስት ሰባቱ ይሄዳሉ።

ዛሬ ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኋቸው።

«ማንም። ካዲ ከኋላ ነው የሚሄደው። የስንቱን ሰው ፊት ረስቻለሁ፣ ጉልበቱን ግን አልረሳም። አንድ ሰውዬ ነበር፣ ቂጡን... ይቅርታ፣ መቀመጫውን ወደ ጎን ያንሸራትታል እንጂ አያዞርም። አሥራ አንድ ዓመት ተከተልኩት። ኳሱ አሥራ አንድ ዓመት ጫካ ገባ። እኔ ነኝ የምፈልገው።»

«ቢነግሩትስ?»

«ሳልጠየቅ?»

የሚያውቁትን ይዘው፣ አሥራ አንድ ዓመት ጫካ ለጫካ ኳስ መፈለግ... አለመናደዳቸው ገረመኝ። እንዲያውም ስለዚያ ሰውዬ ሲያወሩ ያዝኑለታል።

የካቲት 9፣ እሁድ

አዲስ አበባ። የምጽፈው ከዘመዳቸው ቤት ነው።

ጠዋት ስንደርስ መዝገብ የያዘ ወጣት ጋሽ እንደሻውን አየና የካዲ ሰደርያ ሰጣቸው። «አባባ፣ ቦርሳዎቹ እዚያ ናቸው» አለ። ክፋት የለውም ልጁ። አለባበሳቸውን አይቶ ነው።

ጋሽ እንደሻው ሰደርያውን ተቀበሉ! እጃቸውን ሊያስገቡ ነበር። ልማድ ነው... ሠላሳ አንድ ዓመት።

እኔ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። «ተጫዋች ናቸው!» አልኩ። ሁሉም ዞረ። «አቶ እንደሻው ወልደ ሚካኤል። ተጫዋች። እኔ ጓደኛቸው ነኝ። ይመዝገቡ።»

ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ጻፈ። ሰደርያውን አጥፌ መለስኩለት።

የመጀመሪያው ምት የእኔ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ያየኛል። ጭላሎ የለም፤ ሜዳና ዛፍ ብቻ። ግራ ገባኝ።

«ወዴት ልዙር?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«የጉድጓዱ ባንዲራ ወደምትታይሽ።»

በሐሳቤ በርጩማው ላይ ልቀመጥ አልኩ፣ እንግዳው ገባ። ጉልበቴን ያዝኩ። ጠመዘዝኩ። ከታች ለቀቅሁት... ሄደች። ቀጥ ብላ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «የማን እጅ ነው ይሄ?» ሲል ሰማሁ። «የእንደሻው» አለ ሌላው።

ወደ ኳሷ ስንሄድ ጋሽ እንደሻው ሦስት እርምጃ ከኋላዬ ናቸው። ቀስ አልኩ። ቀስ አሉ። ቆምኩ። ቆሙ።

«ጋሽ እንደሻው፣ ኳሷ የእርስዎ ናት። እኔ ተራዬን መትቻለሁ።»

ከዚያ አለፉኝ። እያነከሱ፣ ዱላውን በእጃቸው ይዘው፣ ሰፊው ሣር ላይ ከሁሉም ፊት ሄዱ። የአንድ ሰው ጀርባ እንዲህ ሲያምር አይቼ አላውቅም።

ኳሷን ሦስት ጉድጓድ እስክናስገባ ተጫወትን። ከአሥራ ሁለት ጥንድ ሰባተኛ ወጣን። የመጨረሻውን ኳስ ከአሥር እርምጃ ገፍተው አስገቡት። እንደ ተጫዋች ባርኔጣቸውን አወለቁ... ማንም እንዲያወልቁ አልነገራቸውም።

የካቲት 15

ወደ አሰላ ተመልሰናል። ጋሽ እንደሻው ማክሰኞ ለዳሌያቸው ሆስፒታል ይተኛሉ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ዱላ አይነሣም ብሏል። ሲነግሩኝ አላዘኑም። «ተጫውቻለሁ እኮ» አሉ።

የብረት ዱላውን ቤቴ አምጥተው አስቀመጡት።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ሊበን በሬ ጠምደው መጡ። ማሳው ሊታረስ ነው። ስፌቴን ትቼ ወጣሁ። ሰው ያያል፤ ይይ።

«ኦቦ ሊበን፣ ከታች በኩል፣ በወንዙ ዳር ትንሽ ቦታ ሳያርሱ ይተዉልኝ።»

በሬዎቹን አቆሙ። «ለሽማግሌው ነው? መምታት ተከለከለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ለእሳቸው አይደለም። ለእኔ ነው።»