በግድግዳችን ላይ ያለው ክዳን

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ አፉ ግን የኔው ነው። እኔና ፊደል እንዳልተዋወቅን ታውቃለህ። እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ሚስትህን ያ የማይለቃት ሳል ተዋት ወይ? ልጆቹስ? እኔን እንደሆነ በሽታም ሰልችቶት ትቶኛል፤ አታስብ።

ትንሿ ልጅህ፣ አጎቴ ሰማይ በሌለበት እንዴት ይኖራል ብላ ጠይቃ ነበር። ንገራት። ቤታችን ጠፈር ላይ በሚንሳፈፍ ድንጋይ ውስጥ የተቦረቦረ ነው፤ ውጭ የሚተነፈስ ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጓዳ የራሱ የአየር ሲሊንደር አለው። ቧንቧውን የምጠግነው እኔ ነኝ። እኔ ከሌለሁ ሰፈሩ በሙሉ ከውኃ እንደወጣ ዓሣ አፉን ይከፍታል። ይህን ስል ጸሐፊዬ ሳቀች፤ ትሳቅ፣ እውነት ነው። ደግሞ እዚህ ሰው አይከብድም። እዚያ ምድር ላይ ለሁለት የምንሸከመውን ብረት እዚህ በአንድ እጄ አነሳዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ውጭ ስንወጣ የምንለብሰው ልብስ በልክ ካልተሰፋ ይገድላል። የኔው አርጅቶ ስለነበር ይህችው ጎረቤቴ ልትለካኝ መጣች። በሜትር አትለካም፣ በመዳፏ ነው። ትከሻዬን፣ ጀርባዬን፣ ጎኔን ቀስ እያለች ዳሰሰችው። ከብረት ጋር ሲታገል የኖረ ገላ ነው፣ አላፈርኩበትም። ወገቤ ላይ ስትደርስ እጇ ዘገየ። ጨረስሽ ወይ ብላት፣ ገና ነኝ አለችኝ። እንግዲያው እኔም የአንቺን ልክ ልውሰድ አልኳት። ልብስ መስፋት አልችልም፤ የአንገቷ ሥር ሙቀት ግን እስካሁን መዳፌ ላይ አለ። ትንፋሿ ደረቴ ላይ ሲያርፍ ደሜ እንደ ጎረምሳ ፈላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር፣ ይህንንማ ለወንድምህ አልጽፍም ብላ ብዕሩን አስቀመጠችው። አንቺ ባልሽ የሞተብሽ፣ እኔ ሚስቴ የሞተችብኝ፣ የማንን ፈቃድ እንጠይቃለን ብላት እንደገና አነሳችው። እንግዲህ ይህችን ብቻ ስማ፤ እዚህ ሰው ቀላል ስለሆነ፣ ተቃቅፈው ከተኙት አንዱ ሲስቅ ሁለቱም ከፍራሹ ይነሳሉ። እኛ ጣራ ነክተን እናውቃለን። አሁን እሷ በሰፋችው ቀበቶ ከአልጋው ጋር ታስረን ነው የምንተኛው።

ነገር ግን ሁልጊዜ ተነስታ ወደ ጓዳዋ ትሄዳለች። በመካከላችን ባለው ግድግዳ ላይ የብረት ክዳን አለ። እዚህ ሁለት ሰዎች ትዳር ያዙ የሚባለው ያ ክዳን ተከፍቶ አየራቸው አንድ ሲሆን ነው። ከዚያ ወዲያ አንዱ ካጠረው ሌላውም ያጥረዋል። የኔ ደረት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የብየዳ ጭስ የጠጣ ነው፤ ከሰው ይበልጥ አየር ይበላል። ለማንም እጄን ዘርግቼ እንደማላውቅ አንተ ታውቃለህ። ትንፋሽሽን አካፍዪኝ ብሎ መለመን አቃተኝ። እሷም ቀድማ የምትናገር አይደለችም። ሁለት ግትሮች አንድ ግድግዳ ተደግፈን፣ እሷ ከዚያ እኔ ከዚህ፣ ተቀምጠናል።

ትናንት እሷ ሥራ ላይ ሳለች የክዳኑን ብሎኖች ዘይት ቀባኋቸው። አሁን ያለ ድምፅ ይዞራሉ። ወንድሜ፣ እሺ ካለችኝ ልከፍተው ነው። የቀረኝን ዘመን እሷ የተነፈሰችውን እየተነፈስኩ ልኑር። እምቢ ካለችም ብሎኑን መልሼ አጠብቃለሁ፤ ልብሴን መስፋቷን ግን አትተው። ምነው እጅሽ ቆመ? ጻፊው እንጂ። እንደተናገርኩት ጻፊው።

ሚስትህን ሳልሽን ጣይና ተነሺ በላት። ትንሿን ጠያቂ ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ትልቁ ልጅህ ሥራ ይዞ ከሆነ ኮርቻለሁ በለው፤ ካልያዘም ዝም ብለህ ሰላም በልልኝ። አክስታችን ጆሮዋ ስለደከመ ሰላምታዬን ጮኸህ ንገራት፤ ሚስት ሊያገባ ነው ያልካት እንደሆነ ግን ሳትጮኽም ትሰማሃለች።

ታላቅህ፣ ቧንቧ ጠጋኙ
ከድንጋዩ ሥር፣ ከጓዳዬ፤ የአየር ማጣሪያው በሚታጠብበት የእረፍት ቀን።

በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስለ ክዳኑ ያልኩት ጋ ስትደርሺ እንዳታልፊው። የብሎኑ መፍቻ አንቺ አጠገብ ነው፤ ስትጨርሺ ታቀብዪኝ እንደሆነ አያለሁ።