ማርሹን ጨብጣ ስለቀረችው ግራ እጅዎ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣
ወላይታ ሶዶ

የእግዚአብሔር ሰላምታ ባሉበት ይድረስዎ እያልኩ ጤንነትዎን፣ ይልቁንም የግራ እጅዎን ጤንነት፣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። እኔ የሹፌርዎ የቦልቴ ባለቤት ዓመለወርቅ ነኝ፤ እሱን ከቀበርን ወዲህ፣ ተመስገን፣ አለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አያልፍምና ቃል ብስት እንደ ታላቅነትዎ ይለፉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ነዳጅ ቁጠባው አመሰግናለሁ። ቁልቁለት ሲመጣ ማርሹን ከሞተሩ አላቅቆ ፎሌ ላይ አድርጎ መኪናውን በራሱ ክብደት ማንሸራተት የእርስዎ ትእዛዝ ነበር፤ በግምገማም አስጨብጭቦልዎታል። ቦልቴም በአሮጌው መኪና ያደርገው ነበር፣ አልዋሽም። ሲያሰጋው ግን ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሽ ያስገባል። ፍሪሲዮን ከሹፌሩ እግር ሥር ስለሆነ ሌላ ሰው አይደርስበትም።

ሁለተኛ፣ አዲሱ አውቶማቲክ መኪና ሲመጣ፣ ፍሪሲዮን የለውምና፣ ጋቢና ተቀምጠው ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ማርሹን በገዛ እጅዎ ወደ ፎሌ እየገፉ ሥራውን ስላቀለሉለት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ቤት ገብቶ የተቀቀለ ቦዬ እየላጠ "ዛሬም አለቃዬ ነዱልኝ" ሲለኝ እንስቅ ነበር። በኋላ ሳቁ ቀረ። ማርሽ ካልያዘው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ስለሚወድቅ እየጋለ ይሸታል ብሎ ቢያመለክት "የአመለካከት ችግር አለብህ" አሉት። ቤት መጥቶ አመለካከቱን ፈተሸ፤ የሚሸተው ግን ፍሬኑ ነበር።

ሦስተኛውን እንዴት ብዬ ልጻፈው። ከቢጠና ወደ ዲምቱ ስትወርዱ ፍሬኑ እምቢ አለ። እሱ ማርሹን ሊመልስ እጁን ሲሰድ የእርስዎ እጅ ቀድማ እዚያው ነበረች፤ ደንግጣ አንቃ ይዛዋለች። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ "እጅዎን ያንሱ ጌታዬ፣ እጅዎን" እያለ ሲቃዥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ አንቱታውን አልዘነጋም።

ለቅሶ ቤት ድረስ መምጣትዎንም አልረሳሁም። ሴቶቹ በፋሻ የተጠቀለለችውን ግራ እጅዎን እያዩ አለቀሱልዎ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩላት። ሳምንት ሳይሞላ ግን የጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት "ማርሹ ፎሌ ላይ ተገኝቷል፤ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው" አለ። ልጃችን ቤቴል "መኪናውን የገለበጠው አባትሽ ነው" ተብላ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። ካሳ አልጠይቅም። ያ ሁሉ ሰው ባጨበጨበበት አዳራሽ ቆመው "ያቺ እጅ የእኔ ነበረች" ይበሉልኝ። ልጄን ይዤ መጥቼ ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ይቺን ብቻ።

ቁልቁለቱን ሁሉ በሰላም እንዲወርዱ፣ ነዳጁም እንዲተርፍልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቼ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የቦልቴ ባለቤት ዓመለወርቅ

ማስታወሻ፦ በቦልቴ ቦታ የገባው የጌታሁን ሚስት ትርፌ ነፍሰ ጡር ናት፤ መንገድ በወጣ ቁጥር እኔ ቤት መጥታ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ስለዚህ እባክዎ ጋቢናውን ትተው ከኋላ ይቀመጡ። ለትልቅ ሰው ክብሩም እዚያ ነው፤ እጅም ከዚያ ሆኖ ማርሹ ጋ አይደርስም።