ጋሼ መሬት ላይ ሲበር

የካቲት 11

ቀኑን ሙሉ ነፋስ። በረራ የለም። መካኒኩ ጎማ ሲቀይር እላዩ ላይ ቆሜ ስነዘንዘው ዋልኩ። "ሻምበል፣ ሂጂና ነፋሱን ነዝንዢው፣ እሱ ይሰማሽ ይሆናል" አለኝ። እውነቱን ነው።

ጠዋት ጋሼ፣ የበረራ አስተማሪዬ፣ ደውሎ ነበር። ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ... ዛሬም ማለዳ ማለዳ እየደወለ ነፋሱን ይጠይቀኛል። ከጎን ነው፣ ኃይለኛ ነው አልኩት።

"እንግዲያው ሻይሽን ጠጪ" ብሎ ዘጋው።

የካቲት 14

ጋሼ የለም።

የካቲት 16

ቀበርነው። አልጋው ላይ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ነው የሄደው። "ለአብራሪ አልጋው ላይ ከመሞት የሚበልጥ ማዕረግ የለም" ይል ነበር። ማዕረጉን አገኘ። እኔን ግን አላጽናናኝም። አስተማሪዬ ብቻ ነበር እንዴ?

ከቀብር መልስ ሁሉም ያወራው ያንኑ የጦርነቱን ጊዜ ነው። የአውሮፕላኑ ክንፍ በጥይት ተበሳስቶ፣ አንዱ ጎማ አልወርድ ብሎት፣ በቀረው ጎማ ብቻ እንዳሳረፈው። ሰው እየተሯሯጠ ሲደርስ የሻይ ፔርሙዙ ተሰበረ ብሎ ሲነጫነጭ አገኙት። ሳቅን። በቀብሩ ቀን እንኳ ያስቃል ይኼ ሰውዬ።

የካቲት 19

አዛዡ አስጠሩኝ። በአየር ትርኢቱ ቀን ለጋሼ መታሰቢያ አንድ በረራ ይኖራል፣ በራሱ አውሮፕላን። አብራሪዋ እኔ። ደስ አለኝ። ከዚያ ጨመሩ... መጨረሻ ላይ ግልብጧን።

ግልብጧን! አውሮፕላኑን በጀርባው ገልብጦ፣ ማኮብኮቢያውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ በሕዝቡ ፊት ማለፍ። ወታደሩ ጋሼን "አባ ገልብጥ" ያለው በሷ ነው። ከሱ በኋላ ትርኢት ላይ የደፈራት የለም። እኔን አስተምሮኛል፣ ግን ሰማይ ላይ ከፍ ብለን ነው። ሕዝቡ የሚመጣው እሷን ሊያይ ነው አሉኝ። እሺ ጌታዬ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

የካቲት 24

ልምምድ ጀመርኩ። በእግሬ።

የጋሼ ደንብ ነው። ሰማይ ላይ የምትሠራውን ሁሉ መጀመሪያ መሬት ላይ ትራመደዋለህ። መዳፍህን ዘርግተህ፣ እንደ ክንፍ እያጋደልክ፣ ዓይንህን ጨፍነህ። ምልምል ሆኜ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ትዝ አለኝ። ያ ዝናው አገር ያዳረሰ ሰው፣ መኪና ማቆሚያው ላይ እጁን እያገላበጠ ለብቻው ይዞራል። አበደ እንዴ ብዬ ዘበኛውን ጠየቅሁት። "ተዪው፣ እየበረረ ነው" አለኝ።

ሕጉ አንድ ነው። "እግርሽ የተደናቀፈበትን ቦታ በዚያን ቀን ሰማይ ላይ አትሞክሪው።" ለጄኔራልም ለሚኒስትርም ብሎ አይለውጠውም። አንድ ጊዜ ሜዳው በሰው ጢም ብሎ ሳለ ጠዋት ተደናቅፎባት ነበርና ግልብጧን ትቶ አውሮፕላኑን አሳረፈ። ተጮኸበት። ጉዳዩም አልነበረም፣ ሳንድዊቹን እየገመጠ ሄደ። ብዙ ጀብዱ ሠርቷል፣ እኔን የገዛኝ ግን ያ ቀን ነው።

ዛሬ አልተደናቀፍኩም።

መጋቢት 1

እትዬ ጋ ሄድኩ፣ የጋሼ ባለቤት። በዕድሜዋ አንድም ቀን ትርኢቱን አላየችም። ይዟት ይመጣ ነበር፣ መኪና ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ሹራቧን ትሠራለች። ቀና የምትለው ሞተሩ ጸጥ ሲል ብቻ ነው። ስለ ግልብጧ ስነግራት ዓይኗን ከሹራቧ አላነሳችም። መጥተሽ እይኝ ብዬ ለመንኳት።

"መምጣቱን እመጣለሁ" አለች። "ሹራቤን ይዤ።"

መጋቢት 6

ዛሬ የትርኢቱ ቀን ነበር። ደክሞኛል፣ ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ጠዋት ነፋሱ ከጎን ነበር። በረራ የሚከለክል አይደለም፣ ግን ቁንጥንጥ። ከሃንጋሩ ጀርባ ተራመድኩት። ግልብጧ ጋ ስደርስ እግሬ ተጠላለፈ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሁንም እዚያው። መካኒኩ አይቶ እንዳላየ ዞር አለ።

አዛዡ ጋ ሄጄ ግልብጧን አልሠራም አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"ፈራሽ?"

"አዎ ጌታዬ። ጋሼም ይፈራ ነበር።"

በእጃቸው ወደ ሜዳው ጠቆሙኝ።

በረርኩ። የቀረውን ሁሉ ጋሼ እንዳስተማረኝ ሠራሁት፣ አንድም ሳላጎድል። መጨረሻ ላይ ማኮብኮቢያውን ይዤ ቀጥ ብዬ አለፍኩ፣ ክንፌን አወዛወዝኩለት፣ አረፍኩ። ጭብጨባው ቀዝቃዛ ነው። አንዱ "ይኼው ነው?" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። አሳፈርኩት ይሆን?

እትዬ አጥሩ ጋ ቆማለች። መኪናው ውስጥ አይደለችም። ሹራቧን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ሰማይ በማየት ይሁን በማልቀስ እንጃ።

"ጠዋት ስትራመጂ ከመኪናው ሆኜ አየሁሽ" አለችኝ። "ስትደናቀፊም አየሁ። እንደማትሠሪያት ገባኝ። እንደሱ ነሽ። ስለዚህ ቀና አልኩ..."

እንደገና ወደ ሰማይ ቀና አለች።

"እንዲህ ያምር ነበር እንዴ? ይኼን ሁሉ ዘመን እንዲህ ያምር ነበር?"

እቅፍ አደረግኋት።

መጋቢት 7

አዛዡ ገና አልጠሩኝም። ይጠሩኛል፣ ይጥሩኝ።

ማለዳ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደውልልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር... ዘልዬ አነሳሁት። እትዬ ናት።

"ነፋሱ እንዴት ነው?"

ዛሬ ዝም ብሏል፣ ለበረራ እወጣለሁ አልኳት።

"እንግዲያው በቤታችን ላይ እለፊ" አለችኝ። "ግቢው ውስጥ ቆሜ አይሻለሁ።"