ጥቁር ጉድጓድ የተጻፈበት ደብተር

ሀገረ ሕይወት (አምቦ)
ጥር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአቶ ደግፌ
ሌኒንግራድ

ሚስት ለባሏ ስትጽፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ትላለች። እኔ ናፍቆቱም የለብኝ፤ ደህና ነኝ። ጉደር ላሉት እናትህ ደብዳቤህን አንብቤላቸው መርቀውሃል።

ለመመረቂያ ጽሑፍህ ያን ሰማያዊ ደብተር እንድልክልህ ጠይቀሃል። ስንት ዓመት ዝም ብለህ የጻፍክልኝ ለደብተር! አፍህን ሞልተህም «ደብተሬ» ብለኸዋል። በ1970 ግን ያንተ አልነበረም። ቤታችን ሲፈተሽ የቀበሌው ሊቀመንበር ኦቦ ኩምሳ «ጥቁር ጉድጓድ የዋጠው ሁሉ የት ይገባል?» ብለህ የጻፍከውን አነበቡና ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው ጥቁር ጉድጓዱን በኦሮምኛ «ቦላ ጉራቻ!» አሉ። «በሉ፣ መሣሪያው የተቀበረበት ጉድጓድ የታለ?» ጓሯችንን ቆፍረው ድንቹን ፈጁት። የፊዚክስ መምህሩ አንተ ነህ፤ «ይሄ እኮ የሞተ ኮከብ ነው» ማለት አቃተህ። መሬት መሬት እያየህ «የኔ አይደለም፣ የሷ ነው» አልክ።

ምንነቱን እንኳ በማላውቀው ነገር አሥራ አራት ወር ታሰርኩ። ያስረዳችኝ አብራኝ የታሰረች ዓለሚቱ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ኮከቡ በራሱ ክብደት ተደርምሶ ብርሃን እንኳ እንደማያስወጣ፣ ኋላ ግን በጥቂት በጥቂቱ ሙቀት እየተፋ ተንኖ እንደሚያልቅ ነገረችኝ።

«የዋጠውስ?» አልኳት።

«ሊቃውንቱ የሚጣሉት እሱ ላይ ነው። ገሚሱ ጠፍቶ ቀረ ይላል። እኔ አይጠፋም ባይ ነኝ። ወረቀት ብታቃጥዪ እንኳ፣ አመዱንና ጭሱን አንድ ሳያስቀር የሰበሰበ ሰው የተጻፈውን ያነበዋል።»

በማግስቱ ተጠርታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ለሷ አለቀስኩ፣ አንተን ረገምኩ። እስካሁንም እረግምሃለሁ።

ስፈታ ደብተሩን «ያንቺ ነው» ብለው አስፈርመው መለሱልኝ። እንግዲህ በፊርማ የኔ ነው።

አንተም በደብዳቤህ «ምንም ነገር ጨርሶ አይጠፋም፤ የማረጋግጠው ይህንን ነው» ብለሃል። እሰይ! ደብተሬን ትናንት አቃጥዬዋለሁ። አመዱ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለልህ። ጭሱን ንፋሱ ወደ ጌዶ ይዞት ሄዷል፤ እሱን ራስህ ፈልገው።

ዕድሜ ይስጥህ፤ አንብበህ ሳትጨርስ አይውሰድህ።

ሸዋገነት