አራሱ አምባዛ

ዘሀራዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ አላህ ማረፊያሽን ያስፋው። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው፤ የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህሩ እንዳንተ ያለ የእጅ ጽሑፍ አላየሁም ሊለኝ ሲል ሳል ያዘውና ሳይጨርሰው ቀረ እንጂ፣ ሊል የነበረው ያንኑ ነው።

ኮምቦልቻ እንደተውሻት ናት፤ ሙቀቷም ወሬዋም አልቀነሰም። ልብሱን ታጥቢለት የነበረው ጣሊያን ትቶልሽ የሄደው የመስታወት ገንዳም መስኮቱ ሥር አለ። ከጣት የማይበልጡት ጢማም አምባዛዎችሽ ግን አልቀው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቀሩ። ባሏን ትታ ከዓሣ ጋር ታወጋለች እያልኩ የቀናሁባቸውን፣ ዛሬ እኔው አወጋቸዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ካንቺ ይልቅ እኔን ያደምጡኛል።

እህትሽ እትዬ ከድጃ ከደሴ በወረደች ቁጥር ገንዳውን በስንዝር ትለካለች። ዓሦቹ ሲያልቁ ሱቋ ወስዳ ዳቦ ልትደረድርበት ነው። እምቢ እንዳልላት ታላቅሽ ናት። ያንቺ የሆነ ነገር ከቤት እንዳይወጣ ያለኝ ተስፋ ዓሦቹ እንዲወልዱ ብቻ ነበር።

ሰሞኑን ወንዱ መጠለያ እንዲሆናቸው ገንዳው ውስጥ ያኖርሽላቸው የማሰሮ ስባሪ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። አይበላም፤ ሚስቱ ብቅ ስትል በጭራው ገርፎ ያባርራታል። ተጣሉ ብዬ እንደ ወጉ ሽማግሌ ጠራሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ይመር፣ የስንቱን ትዳር ያስታረቁት፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገንዳው ፊት ተቀመጡና የማንን ቃል ላስቀድም አሉኝ። የወንዱን አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ስባሪውን ሲያዩ ቆዩና፣ ልጄ ይማም፣ ይኼ ሰውዬ አልተጣላም፣ አራስ ነው አሉኝ።

ወላሂ፣ ምስር ክክ የመሰለ እንቁላል ታቅፏል። ለካ በነሱ አገር የሚታረሰው አባትየው ነው።

እንቁላሉ በተፈለፈለ ማግስት እትዬ ከድጃ ለሁለት ዓሣ ባልዲ ይበቃል ብላ ገንዳውን አስራ ልትወስድ ገመድ ይዛ ከተፍ አለች። ግልገሎቹን ስታይ ገመዱን ጣለች፤ አራስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም ብላ ገንፎ ማገንፋት ጀመረች። አራሱ ስለማይበላ እኔ በላሁለት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንኳን ማርያም ማረችህ አሉት፤ እኛም ዱዓ አደረግን።

በዚህ ቤት የአራስ ገንፎ እንዲሸት እኔና አንቺ ስንት ዘመን ለመንን። ይኸው ሸተተ። ጋሽ ይመር ሊስቁ ነበር፤ ዓይኔን አዩና ተዉት።

ስም አውጣላቸው ሲሉኝ፣ መልካቸው አንድ ስለሆነ ሁሉንም የዘሀራ ልጆች አልኳቸው። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በሌላ ስም አይጠሩም።

ባልሽ ይማም